ያውቁ ኖሯል? ከተገንጣይ የተገነጠለችው ግዛት

ዌስት ቨርጂኒያ የጦርነት ልጅ ናት። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1861 ከአሜሪካ ስትገነጠል፣ ከተራራማው ምዕራብ ብዙዎቹ «እኛስ አንሄድም» ብለው ከእናት ግዛታቸው ተለዩ። ጁን 20 ቀን 1863 የአገሪቱ 35ኛ ግዛት ሆነች።

በግዛቷ፣ በታልኮት ከተማ አቅራቢያ ያለው የባቡር ዋሻ የጆን ሄንሪ ነው ይባላል። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ ድንጋይ ሰርሳሪ በእንፋሎት ከሚሠራ መሰርሰሪያ ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ወዲያውም መዶሻውን እንደያዘ ሞተ ይላል ተረኩ። ታሪክ አጥኚዎች ውድድሩ የት እንደተደረገ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ታልኮት ግን ሐውልቱን አቁማ ተገላግላለች።

ከሁሉ የሚገርመው ግን እዚያው ግዛት ያለችው የፖይንት ፕሌዛንት ከተማ ወሬ ነው። በኖቬምበር 1966 ሁለት ጥንዶች ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈንጂ ይመረትበት በነበረ ስፍራ፣ ዓይኑ እንደ ፍም የቀላ ባለ ክንፍ ፍጡር አየን አሉ። «የእሳት ራት ሰው» የሚል ስም ወጣለት። ዓመት ከወር ቆይቶ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1967፣ በከተማዋ በኩል በኦሃዮ ወንዝ ላይ የተዘረጋው ሲልቨር ድልድይ መኪና እንደሞላ ተደርምሶ 46 ሰዎች ሞቱ። ሰው ሁለቱን ነገር አያያዘ፤ ፍጡሩም የመዓት ነጋሪ ተባለ። መርማሪዎች ያገኙት ግን ድልድዩን ከተሸከሙት የብረት ዘንጎች በአንዱ ላይ የነበረ ትንሽ ስንጥቅ ነው። ዘንጉ ሲበጠስ ሸክሙን የሚረከብ ሌላ አልነበረም።

ከተማዋ ዛሬ ለፍጡሩ ሐውልትና ሙዚየም አላት፤ በየዓመቱም ታከብረዋለች። አሜሪካ በመላ አገሪቱ ድልድዮች በየጊዜው እንዲፈተሹ በሕግ ያስገደደችው ከዚያ የድልድይ አደጋ በኋላ ነው።