ክኒን ወይስ መርፌ? 13.4 ቢሊዮን ዶላር ያንቀሳቀሰ ጥያቄ

ሶሪያሲስ ቆዳን አቅልቶ ቅርፊት የሚያስይዝ፣ በአንዳንዶች ላይም መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ በሽታ ነው። ጨርሶ ስለማይድን ሕመምተኛው የዘለቄታ ደንበኛ ይሆናል። በአሜሪካ ገበያ ይህን ደንበኛ ክኒንና መርፌ ይሻሙበታል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ሴልጂን የተባለውን ኩባንያ ሲገዛ፣ የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ የሴልጂን ክኒን የሆነው ኦቴዝላ ለሌላ እንዲሸጥ አስገደደ። ገዢው ራሱ ለዚሁ በሽታ ሌላ ክኒን እያዘጋጀ ነበርና። ኦቴዝላን አምጀን በ13.4 ቢሊዮን ዶላር ወሰደው። በዝግጅት ላይ የነበረው ሶቲክቱም በ2022 ፈቃድ አገኘ።

ቆዳን በማጥራት ረገድ ግን አዳዲሶቹ መርፌዎች ይበልጣሉ። ስካይሪዚ ከመነሻዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ በየ12 ሳምንቱ ይወጋል፤ ኦቴዝላ በቀን ሁለቴ ይዋጣል። በአንጻሩ መርፌው ማቀዝቀዣና የሳንባ ነቀርሳ ቅድመ ምርመራ ይሻል። በሳምንት አንዴ በክኒንም በመርፌም የሚሰጠው አሮጌው ሜቶትሬክሴት ከሁሉም ይረክሳል፤ ሆኖም የጉበትና የደም ክትትል አይለየውም።

ለሌሎች ሕመሞችም የሚሰጠው ሁሚራ የተባለው መርፌ በ2022 ከ21 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሽጦ ነበር። በ2023 በአሜሪካ ተመሳሳይ መድኃኒቶች ሲገቡበት ሽያጩ ወደ 14.4 ቢሊዮን ወረደ። ክኒንም ሆነ መርፌ፣ ዋጋ የሚያስቀንሰው የተፎካካሪ መምጣት ነው።