ከጉልት ስንበላ ሳፋውንም እንይ

ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ትኩስ ሳምቡሳ ወይም ቅቅል ድንች በዳጣ ያልቀመሰ ሠልጣኝ በመካከላችን አይገኝም። ዋጋው ለኪሳችን ይስማማል፤ ሆድም ይይዛል። ታዲያ ሰኞ ጧት «ሆዴን ቆረጠኝ» ብሎ ከክፍል የሚቀረው ጥቂት አይደለም። ነገሩን «የገበያ ምግብ ቆሻሻ ነው» ብለን ብንዘጋው ግን ምንም አንማርበትም። ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለይተን እንወቅ።

እስቲ ሳምቡሳውን እንመልከት። ከሚንተከተክ ዘይት ገና ሲወጣ ብዙም አያሠጋም። የሚበከለው ከዚያ ወዲህ ነው። ብር የተቀበለ እጅ ያነሣዋል፤ ዝንብ ያርፍበታል። ድንቹም ሲቀቀል ደህና ነበር፤ ዳጣው ግን ክዳን በሌለው ጣሳ ተቀምጦ፣ አንዱ ገምጦ ያጠቀሰበትን ሌላው ይደግምበታል።

ከሁሉም የባሰው የሻይ ብርጭቆው ነው። ጧት የተቀዳው አንድ ሳፋ ውኃ እስከ ቀትር ስንቱን ብርጭቆ ያለቀልቃል! የታይፎይድ፣ የአሜባና የጃርዲያ ተዋሲያን ከሰገራ ወደ እጅና ወደ ውኃ፣ ከዚያም ወደ አፍ ይተላለፋሉ። በዓይን ስለማይታዩ የብርጭቆው ማብረቅረቅ ዋስትና አይሆንም።

ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት «እማማ፣ ውኃውን ለምን ቶሎ ቶሎ አይቀይሩትም?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ጀሪካኑ እኮ በገንዘብ ነው የሚመጣው! ትርፉን ውኃው ይብላው?» አሉን። መልስ አጣን። እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ምክራችን የእሳቸውን አቅም ያገናዘበ መሆን አለበት።

ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ዘዴዎች አሉ፦

1. ሁለት ሳፋ ማድረግ፤ አንዱ በሳሙና ማጠቢያ፣ ሌላው ማለቅለቂያ። በመጨረሻም ከበራዱ የፈላ ውኃ ጠብ አድርጎ ብርጭቆውን ማዟዟር።
2. ሳምቡሳውን በሹካ ማንሣት፤ ብር መቀበያውን እጅ መለየት።
3. ዳጣውን መክደንና ለየሰዉ በማንኪያ ማውጣት።
4. ለአንድ ሰዓት የሚበቃውን ብቻ መጥበስ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የምግብ ደኅንነት መመሪያ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል።

እኛስ? እጃችንን ሳንታጠብ ከትሪው ላይ እየነካካን የምናማርጥ፣ የገመጥነውን መልሰን የምናጠቅስ እኛው አይደለንም እንዴ? ጥፋቱን በሙሉ በሻጮቹ ላይ መጫን አይገባም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ እኚያ እናት ተመልሰን ስለ በራዱ ውኃ ብናጫውታቸው፣ «ብርጭቆዬ ቢሰነጠቅ ማን ይከፍለኛል?» አሉና ሳቁ። በመጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ማሞቅ እንደሚበጅ ነገርናቸው። የእኛን ሻይ እንደዚያ አድርገው ሰጡን፤ ከእኛ በኋላ ለመጣውም እንዲሁ።

ነገ በየወረዳው ስንመደብ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ለሕፃናት የሚሸጡ እናቶችን እናገኛለን። ያን ጊዜ ተቆጪ ሳይሆን አስረጂ መምህር ሆነን እንድንገኝ ከዛሬው ቅዳሜ እንጀምር።