በፕላዝማ ገበያ የሐኪሙ ፊርማ ይመዝናል

በዓለም የመድኃኒት ገበያ ላይ ያለ ሰው ክንድ ሊመረት የማይችል ሸቀጥ አለ፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን ይባላል። ጥሬ ዕቃው ፕላዝማ ነው፤ ይኸውም የደም ሕዋሳት ተለይተው ሲወጡ የሚቀረው ብጫ ፈሳሽ ነው። ፈላጊ በበዛ ጊዜ እንደ ሌላው ፋብሪካ ተጨማሪ ፈረቃ አስገብቶ ምርቱን ማሳደግ አይቻልም። ፕላዝማው ከተቀዳበት ቀን አንስቶ መድኃኒቱ ታሽጎ ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ ከ7 እስከ 12 ወራት ይፈጃል።

በዚህም ምክንያት በብሪታንያ ሆስፒታሎች “መድኃኒቱን ማን ያግኝ፣ ማን ይቆይ?” የሚለው ጥያቄ ተንከባልሎ የሚያርፈው በኢሚዩኖሎጂና አለርጂ ኮንሰልታንቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኮንሰልታንት በዚያ አገር የረጅም ዓመታት የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን ጨርሶ ለሕክምናው የመጨረሻውን ኃላፊነት የሚወስድ የሆስፒታል ሐኪም ነው። የኢሚዩኖሎጂው ኮንሰልታንት ብዙውን ጊዜ ሥራው ሁለት ዓይነት ነው፤ በአንድ በኩል ሕመምተኛ ያያል፣ በሌላ በኩል የላቦራቶሪ ውጤት መርምሮ ይፈርማል።

ሕክምናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ኦግደን ብሩተን በተደጋጋሚ በከባድ ኢንፌክሽን የሚወድቅ የ8 ዓመት ልጅ ደም ሲያስመረምሩ፣ በሽታ ተከላካዩ ጋማ ግሎቡሊን በደሙ ውስጥ እንደሌለ ደረሱበት። ከሌሎች ሰዎች ደም የተዘጋጀውን በየወሩ በመርፌ ሲሰጡት ልጁ ተሻለው። ዛሬ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚገመተው ንግድ መነሻው ይኸው ነው።

የግራሙ ሒሳብ

ሲወለድ ጀምሮ የመከላከያ ኃይል የሌለው ሰው መድኃኒቱን የሚወስደው ዕድሜውን በሙሉ ነው። የተለመደው መጠን በወር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ0.4 እስከ 0.6 ግራም ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በወር ከ28 እስከ 42 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። የአንድ እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ የዓመት ፍጆታ ለመሸፈን 130 ያህል የፕላዝማ ልገሳ እንደሚያስፈልግ የዘርፉ አምራቾች ይገልጻሉ።

ይሁን እንጂ ፈላጊው እርሱ ብቻ አይደለም። የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቭን በሚያጠቃባቸው በሽታዎች፣ ለምሳሌ ጊያን ባሬ እና ሲአይዲፒ በሚባሉት፣ የነርቭ ሐኪሞች ይህንኑ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ያዛሉ። የአንድ ዙር መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ 2 ግራም በመሆኑ ያው 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ዙር 140 ግራም ይወስዳል። ይህም የመከላከያ ኃይል ለሌለው ሕመምተኛ ከ3 እስከ 5 ወራት የሚበቃ ነው።

ሁለቱም ወገን እውነተኛ ችግር አለበት። የመጀመሪያው መድኃኒቱ ቢቋረጥበት በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ሳንባው እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ካልታከመ እግሩ ሊከዳው፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሊውል ይችላል።

የብሪታንያ ጤና መሥሪያ ቤት ለዚህ መላ ያበጀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በሽታዎቹ በቀለም ተመደቡ፤ እጥረት ቢመጣ እንኳ የማይነካው ቀይ፣ ሌላ አማራጭ ካለ ሊቆይ የሚችለው ሰማያዊ፣ ማስረጃው ደካማ የሆነው ግራጫ፣ ጨርሶ የማይፈቀደው ደግሞ ጥቁር ሆነ። ጥያቄዎችን የሚመረምሩ ኮሚቴዎች የተቋቋሙ ሲሆን፣ የኢሚዩኖሎጂ ኮንሰልታንቶች ዋነኛ አባላት ናቸው። አጠቃቀሙም በአገር አቀፍ መዝገብ ይሰፍራል።

ኮሚቴው የሚጠይቀው ነጋዴ የሚጠይቀውን ዓይነት ነው፤ “የተሰጠው ምን ውጤት አመጣ?” ሕመምተኛው የተወሰነ ርቀት በስንት ሰከንድ ተራመደ? የእጁ ጥንካሬ ስንት ደረሰ? ለውጥ ካልታየ መድኃኒቱ ይቆማል። ለጊያን ባሬ ደግሞ የሕመምተኛውን ፕላዝማ በመሣሪያ የመለወጥ ሕክምና እኩል ውጤት እንዳለው በጥናት ስለተረጋገጠ፣ መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል ኮንሰልታንቱ ወደዚያ ሊመራ ይችላል። ለሥራ ባልደረባ “አይሆንም” ብሎ መመለስ የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ነው።

በአለርጂው በኩልም ሥራው አላስፈላጊ ፍላጎትን መቀነስ ነው። በብሪታንያም ሆነ በአሜሪካ ከ10 ሰዎች አንዱ ያህል በሕክምና ካርዱ ላይ “ፔኒሲሊን አይስማማውም” የሚል ጽሑፍ አለበት። በባለሙያ ሲመረመሩ ግን ከ10ሩ 9 ያህሉ መድኃኒቱን ያለ ችግር መውሰድ ይችላሉ። ጽሑፉ ካልተሰረዘ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የበለጠ ውድ የሆነና የባክቴሪያን መላመድ የሚያባብስ መድኃኒት ያዛሉ።

ምንጩ በአንድ አገር

የአቅርቦቱን ወገን ስንመለከት ደግሞ ገበያው ያጋደለ ነው። በዓለም ለመድኃኒት ከሚሰበሰበው ፕላዝማ አብዛኛው የሚገኘው ከአሜሪካ ነው። በዚያ ለጋሹ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ በ7 ቀን ውስጥ እስከ ሁለት ጊዜ መስጠትም ይፈቀድለታል። በአውሮፓ ክፍያ የሚፈቅዱት እንደ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ቼክና ሀንጋሪ ያሉ ጥቂት አገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ለጋሾች ከቤት ሲውሉ የተሰበሰበው መጠን አሽቆለቆለ። በ2021 ደግሞ አሜሪካ የሜክሲኮ ዜጎች በጎብኚ ቪዛ ድንበር ተሻግረው ፕላዝማ እንዳይሸጡ ከለከለች፤ ክልከላው በፍርድ ቤት የታገደው በ2022 ነው።

የብሪታንያ ልምድ ለባለሀብቱም ለመንግሥትም ትምህርት ይሰጣል። የእብድ ላም በሽታ በደም ይተላለፋል በሚል ስጋት እ.ኤ.አ. በ1998 የራሷን ፕላዝማ ለመድኃኒት ማዋል እንዲቆም ወሰነች። ከዚያም በ2002 መንግሥት ፕላዝማ የሚሰበስብ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛ። በ2013 ግን ይህንኑ ንብረት ከአገር ውስጡ ፋብሪካ ጋር አድርጎ የ80 በመቶ ድርሻውን በ230 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለቤይን ካፒታል ሸጠ። ቤይን በበኩሉ ከሦስት ዓመት በኋላ ድርጅቱን በ820 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ለቻይናው ክሪየት ግሩፕ አስተላለፈ። ትርፉ የገዢው፣ ከውጭ የመግዛቱ ዕዳ የሆስፒታሎቹ ሆነ።

አበው “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል” ይላሉ። ብሪታንያም ወደዚሁ ምክር ተመልሳለች። ክልከላው እ.ኤ.አ. በ2021 ተነስቶ የአገር ውስጥ ፕላዝማ መሰብሰብ ሲጀመር፣ ከዚሁ የተሠራው መድኃኒት ለሕመምተኞች የደረሰው በ2025 ነው። መንገዱ አራት ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ባለሀብቶች አሁን ዓይናቸውን የጣሉት በሌላ ተፎካካሪ ላይ ነው። የአርጅንክስ ኩባንያ ኤፍጋርቲጂሞድ የሚባል መድኃኒት፣ ከፕላዝማ ሳይሆን በባዮቴክኖሎጂ የሚመረት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ለሲአይዲፒ ሕሙማን ተፈቅዷል። ሲአይዲፒ ከኢሚዩኖግሎቡሊን ትላልቅ ተጠቃሚዎች አንዱ በመሆኑ፣ የነርቭ ሕሙማን ወደ አዲሱ ባዘነበሉ ቁጥር እንደ ሲኤስኤል፣ ግሪፎልስና ታኬዳ ያሉ የፕላዝማ ኩባንያዎች ገበያ ሊነካ ይችላል። የመከላከያ ኃይል ሳይኖረው ለተወለደው ሕመምተኛ ግን አዲሱ መድኃኒት አይሠራም፤ እንዲያውም ሥራው በደም ውስጥ ያለውን ኢሚዩኖግሎቡሊን መቀነስ ነው። ለእርሱ ያለው ምንጭ ዛሬም የሌላ ሰው ክንድ ብቻ ነው።