ሎገር፦ የተራራ መንገድ የሰዓት መዝገብ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንቃበር ወደ ግጭ የሚወስደው የእግር መንገድ በካርታ ሲያዩት አጭር ይመስላል። እግረኛው ግን ወደ ጅንባር ወንዝ ወርዶ መልሶ መውጣት አለበት፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑም ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። የአገሩ ሰው ርቀት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት የሚመልሰው ለዚህ ነው፤ ልክም ነው። ጂፒኤስ ሎገር የሚባለው መሣሪያም ለተራራ ተጓዥ ዋነኛ ጥቅሙ ሰዓትን ከቦታ ጋር አስተሳስሮ መመዝገቡ ነው ብዬ አምናለሁ። የኪሎ ሜትር ቆጠራው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሎገር ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪን የሌለው መሣሪያ ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓታቸውን የሚናገር ምልክት ያለማቋረጥ ይልካሉ። መሣሪያው ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ተቀብሎ፣ እያንዳንዱ ለመድረስ ከፈጀው ጊዜ ተነስቶ ያለበትን ቦታ ያሰላል። አራተኛው የሚያስፈልገው የመሣሪያው የራሱ ሰዓት እንደ ሳተላይቶቹ ትክክል ስላልሆነ ነው። ከዚያም በየአምስት ወይም በየአሥር ሴኮንዱ አንድ መስመር ይጽፋል፦ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከፍታ፣ ቀንና ሰዓት። አሜሪካ ለሲቪሎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባ በነበረበት ዘመን ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ስለነበር፣ ገደል አፋፍ ላይ የሄደ ሰው መዝገቡ አየር ላይ ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። ማዛባቱ በግንቦት 2000 (እ.ኤ.አ.) ቀረ፤ ዛሬ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ስፍራ ስህተቱ ጥቂት ሜትሮች ነው።

«ስልኬ ይህንኑ ይሠራ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይሠራል፤ ጂፒኤስ ምልክት መቀበል ብቻ ስለሆነ ኔትወርክ እንኳ አያስፈልገውም። ለአንድ ቀን ጉዞ ስልክ ይበቃል። መብራት በሌለበት ለብዙ ቀን ሲኬድ ግን ስልኩ ለፎቶም፣ ለድንገተኛ ጥሪም ይፈለጋል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ደግሞ መዝጋቢውን መተግበሪያ በራሱ ጊዜ ሊዘጋው ይችላል። ተጓዡ መቋረጡን የሚያውቀው ማታ ነው። አንድ ሥራ ብቻ ያለው ሎገር ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ክብደት ያለው ጥያቄ የትክክለኛነቱ ነው። ገደል ምልክቱን አንጸባርቆ ቦታውን ያሳስታል፤ የከፍታው ስህተት ደግሞ ከአግድሙ ይብሳል። ተጓዡ ምሳ ሊበላ ሲቀመጥ ነጥቦቹ በዙሪያው ስለሚዋልሉ ያልተራመደው ርቀት ይደመርበታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የኔን ሐሳብ ግን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ርቀቱና ከፍታው ቢዛነፉም የሰዓቱ ዓምድ ከሳተላይቶቹ የሚመጣ ስለሆነ ጽኑ ነው። ዳገቱ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ዕረፍቱ የት እንደረዘመ መዝገቡ አያጠራጥርም፤ የነገውን ጉዞ ለማቀድ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ፋይሉ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ 06:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ካሜራውን በአገር ቤት ሰዓት የሞላ ሰው ልዩነቱን ካላስተካከለ፣ ፎቶዎቹን ከመንገዱ ጋር ሲያዛምድ እያንዳንዱ ሥዕል ያልተነሳበት ቦታ ላይ ያርፋል።

መዝገቡ አስጎብኚን አይተካም፤ ክረምት የናደውን መንገድ ያለፈው ዓመት ፋይል አያውቀውም። ለሌሎች ሲሰጥ ግን እንደ ኦፕንስትሪትማፕ ባሉ ነፃ ካርታዎች ላይ ያልተሣሉ የእግር መንገዶችን ለመሣል ይረዳል። ከመስጠት በፊት ከቤት ደጃፍ የሚነሳውን ክፍል መቁረጥ፣ በዓለም ላይ በነዚህ ተራሮች ብቻ የሚገኘው ዋልያ የታየበትንም ትክክለኛ ነጥብ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አዳኝም ፋይሉን መክፈት ይችላልና።