የቤት ቢራ ጠማቂው ፍሪጅ

ቢራ በቤቱ መጥመቅ የጀመረ ሰው በቅድሚያ የሚጨነቀው ስለ ብቅሉ፣ ስለ ሆፑና ስለ ድስቱ ትልቅነት ነው። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ስኳሩን ያወጣል፤ ያጠለለውን ከሆፕ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ያፈላል፤ አቀዝቅዞ ባልዲ ውስጥ ይጨምርና እርሾ ነስንሶበት ይከድነዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የቢራው ጣዕም ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ባልዲው ከተከደነ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ሥራው የእርሾው ነው፤ እርሾው ደግሞ የሚታዘዘው ለሙቀት ነው። ለዚህ ሙያ ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ የማስቀድመው አንድ አሮጌ ፍሪጅና ትንሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ሲሠራ ሙቀትም ያመነጫል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ በሚብላላበት ሰዓት ባልዲው ውስጥ ያለው ቢራ 24 ወይም 25 ሊደርስ ይችላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር ብቻ አይቶ «ቤቴ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ የተኛ ጠማቂ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱ ሲበዛ እርሾው ይጣደፋል፤ ሲጣደፍም የማይፈለግ ነገር ያበዛል። ጉሮሮ የሚያቃጥሉና በማግስቱ ራስ ምታት ያመጣሉ የሚባሉት ከባድ አልኮሎች የሚበዙት በዚህ ጊዜ ነው። የሙዝ ሽታም ይመጣል። ከስንዴ ለሚጠመቀው የጀርመን ቢራ ሙዙ ጌጡ ነው፤ በሌላ ቢራ ላይ ግን ጉድለት ነው። ጭራሽ ከበዛ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ይከተላል። በተቃራኒው ቅዝቃዜ ከበረታ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ከታች ይዘቅጥና ይተኛል። ቢራው ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያልተበላ ስኳር ይዞ ጠርሙስ ከገባ ደግሞ እርሾው በኋላ ነቅቶ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ይህ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ በዋዛ አይታይም።

ምን ያህል ዲግሪ ይሁን ለሚለው መልሱ እንደ እርሾው ዓይነት ይለያያል። ኤል የሚባሉት ቢራዎች እርሾ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል። የላገር እርሾ ግን የሚወደው ብርድ ነው፤ ከ9 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሠራል። አገር ቤት በየግሮሰሪው የምናገኛቸው የፋብሪካ ቢራዎች አብዛኞቹ ላገር ናቸው። ንጹሕና ቀለል ያለ ጣዕማቸው የሚመጣው በአመዛኙ ከዚህ ብርድ ነው።

ይህን ብርድ ለማግኘት ሰዎች ብዙ ደክመዋል። በደቡብ ጀርመን የባቫሪያው መስፍን አልብረሽት 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1553 በበጋ ቢራ እንዳይጠመቅ ከለከለ፤ የተፈቀደው በእነሱ አቆጣጠር ከቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ሴፕቴምበር 29፣ እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ ኤፕሪል 23 ብቻ ነበር። በሙቀት የተጠመቀ ቢራ እንደሚበላሽ ምክንያቱን ባያውቁም ውጤቱን ያውቁት ነበር። ጠማቂዎቹ በክረምት ከሐይቅ በረዶ እየቆረጡ በምድር ቤት ያከማቹ ነበር። በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የሚባል መሐንዲስ የማቀዝቀዣ ማሽን ሲሠራ ከመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎቹና ደንበኞቹ አንዱ የሙኒኩ ሽፓተን ቢራ ፋብሪካ ነበር። ዛሬ በየማድ ቤታችን የቆመው ፍሪጅ የኋላ ታሪኩ ሲታይ የቢራ ጠማቂዎች ችግር አለበት። በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን አንድ የእርሾ ዘር ብቻውን ለይቶ ማራባት ቻለ። ማቀዝቀዣውና ንጹሑ እርሾ ከተገናኙ በኋላ ላገር ዓለምን አዳረሰ።

የቤት ጠማቂው መሣሪያ የዚያ ታሪክ ትንሹ ግልባጭ ነው። መቆጣጠሪያው ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሳጥን ነው። ቁጥር የሚያሳይ መስታወት፣ ሁለት ሶኬትና በቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የሙቀት መለኪያ አለው። በአንዱ ሶኬት ፍሪጁ፣ በሌላው ባልዲውን የሚታጠቅ ማሞቂያ ይሰካል። ተራ ፍሪጅ ለምግብ ተብሎ 4 ዲግሪ አካባቢ እንዲይዝ የተሠራ ስለሆነ በራሱ 18 ላይ መቆየት አይችልም። ሳጥኑ ግን ቢራው ከታዘዘው ቁጥር አንድ ዲግሪ ሲያልፍ ለፍሪጁ መብራት ይሰጣል፤ ሲወርድ ያቋርጣል፤ ከልክ በታች ከቀዘቀዘ ማሞቂያውን ያበራል። ኮምፕረሰሩ ቶሎ ቶሎ እየተነሣ እንዳይቃጠል በመሃል የጥቂት ደቂቃ ፋታ እንዲኖርም ይስተካከላል።

መለኪያውን የት እንደምናስቀምጠው ብዙ ሰው አያስብበትም። አየር ላይ ከተንጠለጠለ የሚለካው የፍሪጁን አየር ነው፤ አየሩ በደቂቃዎች ሲቀዘቅዝ 20 ሊትሩ ቢራ ግን ሰዓታት ይፈጃል። መለኪያው ከባልዲው ጎን፣ ከፈሳሹ ከፍታ በታች፣ በፕላስተር መለጠፍ አለበት፤ በላዩም የታጠፈ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ይደረብበታል። እርሾው ከመጨመሩ በፊት ፈሳሹ ወደሚፈለገው ዲግሪ መውረዱም ግድ ነው። በ30 ዲግሪ እርሾ ጨምሮ «ፍሪጁ ያበርደዋል» ማለት የመጀመሪያዎቹን ወሳኝ ሰዓታት አሳልፎ መስጠት ነው።

ወደ ማብቂያው ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እርሾው አብዛኛውን ስኳር ከጨረሰ በኋላ ሙቀቱ ከፍ ቢል አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። እርሾ በመጀመሪያ ላይ ቅቤ ቅቤ የሚል ዲያሴቲል የተባለ ነገር ይተዋል፤ ሲሞቀው መልሶ ይበላዋል። ላገር የሚጠምቁ ሰዎች በመጨረሻ ሁለት ሦስት ቀን ወደ 16 ወይም 18 ዲግሪ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ወደ ዜሮ አስጠግተው ያቆዩታል።

ፍሪጅ የሌለው ሰው ባልዲውን ውሃ በያዘ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ እርጥብ ጨርቅ ያልብሰው። ጨርቁ ሲደርቅ ሙቀት ይወስዳል፤ እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ሳፋው ውስጥ ጠዋትና ማታ በበረዶ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ መለወጥ ጥቂት ዲግሪዎችን ያወርዳል። ማቀዝቀዝ ጨርሶ የማይቻልበት ሞቃት አገር ያለ ሰው ደግሞ ከሙቀቱ ጋር ከመታገል እርሾውን ይለውጥ። ክቫይክ የሚባለው የኖርዌይ ገበሬዎች እርሾ እስከ 40 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሠርቶም ንጹሕ ጣዕም ይሰጣል።

በአሜሪካ ቢራ በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው፤ አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያሉበት ቤት 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይፈቀድም። እዚያ ለበዓል ጠላ የሚጠምቁ ወገኖቻችን ይህን የሙቀት መቆጣጠሪያ ቢሞክሩት እወዳለሁ። ጠላ ቆላ ላይ እንደሚፈጥን፣ ደጋ ላይ እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ጥንስሱን ወደ ምድጃ ማስጠጋትም ማራቅም ያውቁበታል። ያ ዕውቀት በእጃቸውና በአፍንጫቸው ያለ ነው፤ ቁጥር ቢጨመርበት ለልጆቻቸው ለማውረስ ይቀላል። የሚቀጥለውን ጠላ ስትጠነስሱ አንድ ቴርሞሜትር ከጋኑ ወይም ከባልዲው ጎን ለጥፉ፤ ጠዋትና ማታ ያሳየውን ጻፉ፤ ጠላው ሲደርስ ጣዕሙን ከቁጥሩ አጠገብ መዝግቡ።