ሽማግሌውና ጯኺዎቹ

ልጃችሁ ቤቱን የሚያናውጥ ሙዚቃ ሲከፍት ምን ትሉታላችሁ? «ዝጋው!» የሚለው ቃል ከአፋችን ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። ልጁም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይሰካና ዝም ይላል። ጩኸቱ ቆመ፤ ንግግሩም አብሮ ቆመ። በዚህ እትም በጩኸት መካከል ስለተደማመጡ ሰዎች እናጫውታችሁ።

ፓንክ የሚባለው ሙዚቃ በ1970ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካና በእንግሊዝ ወጣቶች መካከል ተነሣ። አጭር፣ ፈጣንና ጩኸት የበዛበት ነው። ከእርሱ የተወለደው ሃርድኮር ደግሞ ይብሱን ይፈጥናል። በ1979 በሆላንድ የተመሠረተው «ዘ ኤክስ» ከዚሁ ከፓንክ ቤት የወጣ ቡድን ነው። ሆኖም በተወለደበት ቤት ታጥሮ አልቀረም። በ1991 ከአሜሪካዊው የቼሎ ተጫዋች ከቶም ኮራ ጋር አልበም አወጣ፤ ከጃዝ ሙዚቀኞችም ጋር ሠራ። በ2002 ወደ አገራችን መጥቶ ተጫወተ።

የሳክስፎኑ አንጋፋ አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለዱ። በክራርና በማሲንቆ ጀምረው፣ ገና በወጣትነታቸው በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን የሙዚቃ ቡድን ተቀላቀሉ። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። ልዩ የሚያደርጋቸው ሽለላንና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወስደው በሳክስፎን ማሰማታቸው ነው። በጢቾና በአሰላ ዙሪያ ያላችሁ፣ ጌራርሳ ሲባል የሰማችሁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም፤ ደረት ነፍቶ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚወጣ ዜማ ነው።

በ2004 ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር አቶ ጌታቸውን ጋበዛቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 69 ነበር። ሽማግሌው የእነዚያን ጊታሮች ጩኸት ሲሰሙ ጆሯቸውን ይዘው ይሸሻሉ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እርሳቸው ግን ቀጣዩን አልበማቸውን እንዲያጅቧቸው የመረጡት እነዚያኑ ጯኺዎች ነበር! በ2006 «ሞአ አንበሳ»፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» ወጡ። በ2008 በኒው ዮርክ በሊንከን ሴንተር አብረው ተጫወቱ። አቶ ጌታቸው በ2016 በ81 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ ይህ ወዳጅነት የሕይወታቸው አንድ ክፍል ሆኖ ቆየ።

ልብ በሉ፤ ሽማግሌው ወጣት ለመምሰል ዜማቸውን አልጣሉም። ወጣቶቹም የፓንክ ኃይላቸውን አልተዉም። የሽማግሌውን ዜማ አጥንተው፣ እርሳቸው ሲነፉ ከኋላ ሆነው አጀቡ። ሽለላውም ፓንኩም የሚነሡት ከአንድ ስሜት ነበርና፣ ከተደማመጡ በኋላ ተስማሙ።

ይህን ስንል የሚዘፈነው ሁሉ ለቤታችን ይስማማል ማለታችን አይደለም። ፉከራ መግደልን የሚያሞግስበት ጊዜ አለ፤ በፓንክም ውስጥ አማኝ የማይቀበለው ብዙ ቃል ይሰማል። ስለዚህ መመርመር ግድ ነው። ነገር ግን ያልሰማነውን እንዴት እንመረምራለን? ድምፁ ስለ ከፍ ብቻ የኮነንነው፣ ለስላሳ ስለ ሆነ ብቻ ያለፍነው ዘፈን ስንት ነው? ቀስ ብሎ የሚንቆረቆር ዜማም መርዝ ሊሸከም ይችላል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ዝጋው» ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና «ምን እያለ ነው? አንተስ ምኑን ወደድክለት?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ደስ ላያሰኛችሁ ይችላል። ቢሆንም የልጃችሁን ቁጣ ወይም ሐዘን ከጎረቤት ሳይሆን ከራሱ አፍ ትሰማላችሁ፤ የምትመክሩትንም ያን ጊዜ ታውቃላችሁ። እናንተም ልጆች፣ አባታችሁ ጌራርሳ ወይም የድሮ መዝሙር ሲያንጎራጉሩ አትሳቁባቸው። ቀረብ ብላችሁ «እስቲ አስተምሩኝ» በሏቸው።