የተጫዋቾች ልውውጥ ለምን ይከብድ? ከሰንበቴ ገበያ እስከ ኮምፒውተር ቤዝቦል

ከሸዋሮቢት በስተሰሜን፣ ወደ ደሴ በሚያመራው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ ትታወቃለች። የይፋት ቆላ አርሶ አደር ማሾና ማሽላውን፣ የአፋር አርብቶ አደር ፍየልና ግመሉን ይዞ በሚገናኝበት በዚህ ገበያ፣ ሦስት ያረጁ ፍየሎች አቅርቦ አንድ ለእርሻ የደረሰ በሬ ልውሰድ የሚል ሰው ቢመጣ የሚጠብቀው ሳቅ ብቻ ነው። ባለበሬው የበሬውን ዋጋ ያውቃል፤ ሦስቱን ፍየሎች ማን እንደሚቀልባቸውም ያስባል።

በገበያተኛው ዘንድ ግልጽ የሆነው ይህ ጉዳይ በኮምፒውተር የስፖርት ጨዋታዎች ውስጥ ግን ለዓመታት መፍትሔ ሲፈለግለት ቆይቷል። ጀርመናዊው ማርኩስ ሃይንሶን የጀመረው «አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል» የተሰኘው ጨዋታ ለዚህ አብነት ይሆናል። ተጠቃሚው በዚህ ጨዋታ የሚቀመጠው በክለብ ሥራ አስኪያጅ ወንበር ላይ ነው። ሥራው በጀት መያዝ፣ ወጣቶችን መመልመልና ከሌሎች ክለቦች ጋር ተጫዋች መለዋወጥ ሲሆን፣ ሌሎቹን ክለቦች የሚመራቸው ኮምፒውተሩ ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል ልውውጥ ማለት እንደ እግር ኳስ ዝውውር በገንዘብ የሚፈጸም ግዥ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ተጫዋች በተጫዋች የሚለወጥበት አሠራር መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከድምር ነው። ኮምፒውተሩ ለአንድ ኮከብ ተጫዋች 90 ነጥብ፣ ለመካከለኛ ተጫዋች ደግሞ 35 ነጥብ ሰጠ እንበል። ሦስት መካከለኞች ሲደመሩ 105 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ኮከቡን አሳልፎ ይሰጣል። ተጠቃሚውም ይህንኑ እየደጋገመ ጥቂት የውድድር ዘመናት ሳያልፉ የሊጉን ምርጦች በሙሉ ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ ማሸነፍ ጣዕም የለውም።

የጨዋታው አዘጋጆች ለዚህ ያበጁት አንዱ መፍትሔ የክብደት ደረጃ ነው። ልውውጡን ከ«በጣም ቀላል» እስከ «በጣም ከባድ» ማስተካከል ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ለወጣቶች ወይም ለነባር ተጫዋቾች የበለጠ ዋጋ እንዲሰጥም ይደረጋል። ይሁንና ደረጃውን ከፍ ማድረግ በዋናነት ዋጋ ማስወደድ ነው። ከልክ ሲያልፍ ሚዛናዊ የሆነ ልውውጥም ተቀባይነት ያጣል።

የተሻለው መፍትሔ የሚገኘው ከእውነተኛው ቤዝቦል ደንብ ነው። በአሜሪካ ዋናው ሊግ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ ክለብ መደበኛ ስብስብ 26 ተጫዋች ነው። ስብስቡ ሞልቶ ሳለ በአንድ ኮከብ ምትክ ሦስት ተጫዋች የሚቀበል ክለብ ሁለት ሌሎችን ከስብስቡ ማስወጣት ይኖርበታል። ፍየሎቹን ማን ይቀልባቸዋል የሚለው የሰንበቴ ጥያቄ እዚህም ይነሳል። ከዚህ ሌላ የልውውጥ የመጨረሻ ቀን አለ፤ በሊጉ 10 ዓመት የተጫወተና የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋችም ልውውጡን የመቃወም መብት አለው። አንዳንድ ተጠቃሚዎች ከዚህ አልፈው በራሳቸው ላይ ደንብ ያወጣሉ፤ በዓመት ከተወሰነ ቁጥር በላይ ላለመለዋወጥ ይወስናሉ። ተቆጣጣሪ በሌለበት ደንብ ማክበር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ጉዳዩ ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም የሚያገኘው በአገራችን እግር ኳስ ነው። በርካታ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው፣ በየክረምቱ ለፊርማና ለደመወዝ የሚወጣው ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ይህንን ለመግታት በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ውሳኔው ከጨዋታው የክብደት ደረጃ ጋር ይመሳሰላል፤ የአንዱን ዋጋ ይወስናል እንጂ ክለቡ ስንት ሰው እንደሚሰበስብ አይጠይቅም። ከጣሪያው በላይ በጎን ይከፈላል የሚለው ቅሬታም በተደጋጋሚ ሲነሳ ቆይቷል።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ከ2017 የውድድር ዘመን ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገው መመሪያ በአንጻሩ ክለቡ ለተጫዋቾች የሚያወጣውን ጠቅላላ ክፍያ የሚገድብ ነው። ይህ ወደ 26ቱ ተጫዋቾች ደንብ የቀረበ ነው፤ አንዱን በውድ የወሰደ ክለብ በሌላው ላይ መቆጠብ ግድ ይለዋልና። ውጤቱ ግን ክለቦቹ የሚያቀርቡት ሒሳብ በሚመረመርበት ጥንቃቄ ላይ ይመሠረታል።

እንደ ሸዋሮቢት ላሉ ከተሞች አስተዳደር ደግሞ ሌላም ጉዳይ አለ። በፊፋ ደንብ መሠረት ውል ያለው ተጫዋች በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከይፋት ቆላ የወጣ አንድ ታዳጊ ነገ ለዚህ ቢበቃ የትውልድ ከተማው ክለብ ድርሻውን የሚያገኘው፣ ልጁን በወቅቱ በፌዴሬሽን አስመዝግቦ ማስረጃውን ከያዘ ብቻ ነው። በአገራችን ግን አብዛኛው ውል የአንድና የሁለት ዓመት ነው፤ ውሉ አልቆ በነፃ ከሚሄድ ተጫዋች ደግሞ ይህ 5 በመቶ አይገኝም።